የእበቱ ባለቤት

ሰብለ ከወልቂጤ ከተነሳች ጀምሮ ወገቧን እያመማት ነበር። የባዮጋዝ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሆነች በዚህ በ2003 ዓ.ም. ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በቴክኒሻንነት ከአንዱ የባዮጋዝ ጉድጓድ ወደ ሌላው ተንከራትታለች። ሰው ሁሉ "ታድለሽ" ይላታል። መታደል እንዲህ ወገብ የሚቆርጥ ከሆነ ይቅርባት።

ነገ የድርጅቱ ረጂዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። በእበት ጋዝ የሚሠራ ምድጃ ሲነድ አይተው፣ ሥራው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ይወስናሉ። ለማሳያነት የተመረጠው ቸሃ ያለው የአቶ ተሰማ ቤት ስለሆነ ሰብለ ቀድማ ልታየው ሄደች።

ምድጃው ላይ የቆጮ ጥቅል ተቀምጦበታል። ቁልፉን ብታዞረው ጭጭ። እበት የሚጨመርበትን ጉድጓድ ክዳን ብታነሳ ግርጌው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"እኔ ሥልጠናውን በደንብ ወስጃለሁ" አሉ አቶ ተሰማ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ሠርተፊኬት እያሳዩ።

"እበቱስ?"

"እበቱማ የደብሪቱ ነው።" መጠየቋ ራሱ ገርሟቸዋል።

ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ከጓሮ መጡ። "እበቱን ለእንሰቱ ነው የምሰጠው። ጉድጓድ ውስጥ ከትቼው ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?"

"እትዬ ደብሪቱ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ እኮ ለእንሰቱ ከእበቱ ይሻላል።"

"ማን ነገረኝ?"

ማንም አልነገራቸውም። ከብቱ የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው፤ ጠዋት እበቱን ጠርጋ ለየእንሰቱ የምታካፍለው ሴቷ ናት፣ ወንድ እጁን አያስነካም። ይህን ለማወቅ የቸሃ ልጅ መሆን ይበቃል፤ ሰብለም የቸሃ ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ግቢ ሥልጠና ስትሰጥ ግን ቅጹ "የአባወራ ስም" ስላለ አርባ ወንዶች ጽፋ አሠለጠነች። አሁን አፈረች።

ሾፌሩ ብሩክ ጠጋ አለ። "የቡታጋዝ ሲሊንደር ከምድጃው ጀርባ ብንደብቅ ማን ያውቃል?"

አሰበችበት። ጉድጓዱ ዛሬ ቢሞላ እንኳ ጋዝ እስኪሰጥ ሳምንታት ይፈጃል። "ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል፣ ብሩክ። ደክሞኛል።"

አዲስ አበባ ለረጂዎቹ ደወለች። "ምድጃው አይነድም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምን እንደማይነድ መጥታችሁ የእበቱን ባለቤት ጠይቁ።" "እንነጋገራለን" ብለው ዘጉት። እንዲህ ያለውን "እንነጋገራለን" ታውቀዋለች።

ጫማዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ለጉድጓዱ የሚሆነውን እበት በውሃ ማሸት ጀመረች። አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላት በእናቷ ቤት በየጠዋቱ እበት ስትጠርግ ነው ያደገችው፤ እጇ አልረሳም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቂት ቆመው አዩዋትና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

"እጅሽስ ያውቀዋል" አሉ። "የሥልጠናው ቀን እኮ ቆጮና ክትፎ ያቀረብኩላችሁ እኔ ነበርኩ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር።"