እንደነበረ፣ ከነጫማው

ፍርድ ቤት መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ ልጆቼ። ተከሳሽ ሳልሆን፣ የእህቴን ልጅ አጅቤ ብቻ ሄጄ፣ ዳኛው ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እል ነበር።

የእህቴ ልጅ የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ናት። ፊደሏ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚነበብ ነው። ለአንድ ጫማ ነጋዴ ታፔላ ሠርታ አስረከበች፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ከሱቁ በር በላይ ሰቀለው። ትንሽ ቆይቶ ግን የሚስቱን ወንድም መሰላል ላይ አውጥቶ ከጽሑፉ ሥር ጫማ አሳለበት። ጫማው ዳክዬ ሆኖ አረፈው። እውነቴን ነው፣ መዋኘት ብቻ ነው የቀረው።

ከዚያ ወዲያ የሚያውቃት ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ፣ «ያቺን ዳክዬ አንቺ ነሽ የሳልሻት?» ይላት ጀመር። ሥራ ሊሰጣት መጥቶ ታፔላውን አይቶ የተመለሰም አለ። ነጋዴውን እባክህ አጥፋልኝ ብትለው፣ «ሱቁ የኔ፣ ታፔላው የኔ፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አላት።

እሷ ደግሞ ከእጄ የወጣ ሥራ ምንጊዜም የኔ ነው ባይ ናት። እሑድ ጠዋት፣ ሱቁ ዝግ ሳለ፣ መሰላሏን ተሸክማ ሄደች። እንግዲህ እንዲህ ያለ ንብረት አበላሺ ዓይቼም ሰምቼም አላውቅ። በረንዳው እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ አነጠፈች። የመስኮቱን ጠርዝ በፕላስተር ሸፈነች። ታፔላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ አቧራውን ጠረገች፣ የራሷን ፊደል ሳይቀር ነጭ ቀለም አንድ እጅ ቀባችው፣ እስኪደርቅ ቁጭ ብላ ጠበቀች፣ ደገመችበት።

ፖሊስ የተቀባውን ታፔላ ፎቶ አንስቶ ሲጠይቃት አልካደችም። ክሱ በሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ ነው፤ እስር ቤት ያስገባል። እህቴ ደግሞ ከወደቀች ወዲህ ያለ ልጇ ከአልጋ አትወርድም። እንቅልፍ ያሳጣን ይኼ ነበር።

ጠበቃው አንጀቱ የሚራራ ሰው ነው። ከችሎቱ በር ላይ ጠጋ አለና፣ «ስሚኝ እህቴ፣ ተናድጄ ራሴን ስቼ ነበር በይ። ታስቦበት ከተደረገው ይቀልልሻል» አላት።

«ተናድጄ ቢሆን ቀለሙ አይንጠባጠብም ነበር?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

«ፎቶው እኮ እጃቸው ላይ ነው። ደግሞም ውሸት ነው።»

እኔም አላስችል ብሎኝ ገባሁበት። «ልጄ፣ ስለ እናትሽ ስትይ…»

«እማዬ ጠዋት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ ጋሼ? ያደረግሽውን ተናገሪና ቶሎ ነይ ነው ያለችኝ።»

እኔም የችሎቱን በር ከፈትኩላት።

ዐቃቤ ሕጓ ፎቶውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሽ ፈግፍጋለች፣ ቀብታለች፣ እስኪደርቅ ጠብቃ ደግማለች። ይህ የንዴት ሥራ አይደለም።» ያ ሁሉ ጥንቃቄዋ ዞሮ በእሷው ላይ መሰከረባት።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉ ዳኛው።

«ልክ ናቸው። አስቤበት ነው ያጠፋሁት። በገዛ ሥራዬ ላይ መብት ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

«ካስረከቡት በኋላ የባለቤቱ ነው። ማሳመሩም ማበላሸቱም የሱ ፈንታ ነው። ስምዎ ከተጎዳ አቤት የሚሉበት መንገድ አለ፤ መሰላል ይዞ መሄድ ግን መንገድ አይደለም።»

ጥፋተኛ ተባለች። እስራት ተፈረደባት፤ ስላመነችና የቀድሞ ጥፋት ስለሌለባት ግን ቅጣቱ በገደብ ሆነላት። ይኼ ማለት ልጆቼ፣ ቤትሽ ግቢ፣ በገደቡ ጊዜ ሌላ ጥፋት ካጠፋሽ ግን እስሩ ይጠብቅሻል ማለት ነው። ታፔላውንም በራሷ ቀለም እንደነበረ እንድትመልስ ታዘዘች።

ነጋዴው እጁን አወጣ። «ክቡር ዳኛ፣ እንደነበረ ሲባል ከነጫማው ነው?»

«ከነጫማው» አሉ ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

በማግስቱ እኔ መሰላሉን ያዝኩላት። ነጋዴው ታፔላው ሳይጠፋ በፊት ያነሳውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ፊደሎቹን ጨረሰች፤ ከዚያ ወደ ጫማው ወረደች። አላፊ አግዳሚው፣ «ዳክዬዋ ከእስር ተፈታች እንዴ?» እያለ ያልፋል። እሷ ወይ ፍንክች።

ነጋዴው ቀስ ብሎ ወጣ። አንገቱን እያሻሸ ወደ ላይ አየ። «እንግዲህ… መሳልሽ ካልቀረ፣ ጫማውን ትንሽ ብታስተካክይልኝስ? አልቀየምም።»

«አይሆንም ጌታዬ። እንደነበረ ነው የተባልኩት።»

«ባለቤቱ እኔ ስፈቅድልሽ?»

«መጀመሪያ ይኼንን ልጨርስና ይረከቡኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የርስዎ ፈንታ ነው።»

ወደ ፎቶው ዞራ ተረከዙን ለካች፣ ከነመንጋደዱ አወጣችው። ሰውየው አይቶ መረከቡን ፈረመላት። እህቴ ከአልጋ የምትወርድበት ሰዓት ደርሶ ነበርና፣ መሰላሉን ከፊትና ከኋላ ተሸክመን ወደ ቤት ገሰገስን።