የመስኮቱ ጠረጴዛ ቲፕ

በምንሠራበት ምግብ ቤት፣ ከካሸሯ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ አምስት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ አስተናጋጅ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። እንግዳ የተወው ቲፕ ሁሉ እዚያ ይገባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቱ ይመጣና ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቃቸዋል። አይቆጥርም። ድምፁን ሰምቶ ለባለጣሳው ይሰጠዋል። «እንግዳ ዝም ብሎ እጁን አይፈታም፤ ስለ አስተናጋጅ የሚመሰክረው ጣሳው ነው» ይላል።

የልጄ ጣሳ ቁጥር አምስት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲነቀንቀው ድምፅ አልነበረውም። በሁለተኛው አንዲት ሳንቲም ተንቀጫቀጨች። ባለቤቱ በምግብ ማስተላለፊያው መስኮት በኩል ወደ እኔ አየ፤ ልጄን ለምኜ ሥራ ያስገባኋት እኔ እናቷ ነኝና። እኔ ከዚያ መስኮት ጀርባ እቃ ሳጥብ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእሷ ሙከራ ግን አንድ ወር ብቻ ነው፤ በአራተኛው ቅዳሜ ወይ ትቀጠራለች ወይ ትሰናበታለች። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ጀምራ ሁለቱም «አልተመቸችንም» ብለው መልሰዋታል። ሦስተኛው ከመለሳት አራተኛ የሚቀበላት አይኖርም ብዬ ፈራሁ። እኔ ክፉውን አስቀድሜ የማይ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞተ እላለሁ፤ ስልክ ዝም ሲል ደግሞ ሰው ሞቶ ደብቀውኝ ነው እላለሁ።

ልጄ በሥራዋ እንከን የላትም። ትእዛዝ አታደናግርም፣ ሾርባ አታቀዘቅዝም፣ አውራ ጣቷን ሳህን ውስጥ አትነክርም። ግን አትስቅም።

«ትንሽ ፈገግ በይ፣ እናቴ» አልኳት አንድ ቀን ሳህን ስታቀብለኝ።

«ሾርባው ትኩስ ነው፣ ሳህኑ ንጹህ ነው። ጥርሴ ምን ይጨምርላቸዋል?»

«ጣሳሽ ላይ ይጨምራል።»

«እንግዲያው የጥርስ ሳሙና ልሽጥላቸዋ» ብላኝ ሄደች።

አንዳንድ እንግዳ ቲፑን ሳህን ስር ትቶ ይወጣል። ገንዘቡ ከሳህኑ ጋር እኔ ዘንድ ሲደርስ ጠረጴዛውን ጠርቼ በመስኮቱ ለካሸሯ አቀብላለሁ፤ እሷ ጠረጴዛውን የያዘው አስተናጋጅ ጣሳ ውስጥ ትጨምረዋለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሳደርግ አንድ ሳንቲም ኪሴ ገብቶ አያውቅም። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ከኪሴ ይወጣ ጀመር። ከልጄ ጠረጴዛ ሳህን ሲመጣ የራሴን ሳንቲም ይዤ «የጥጉ ጠረጴዛ!» እላለሁ። ስዋሽ ልቤ እንኳ አልመታም። እጄ ሳህን እንደሚያጥበው ሁሉ ይህንንም ሠራው። በሦስተኛው ቅዳሜ ጣሳው ተንኮሻኮሸ፤ ባለቤቱ ቅንድቡን አነሳ።

በመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ቀን ዝርዝር አልነበረኝም። ያለኝ አንድ ድፍን ብር ነው። የምሳ ግርግር ነበር፤ ሳህኑ እስከ ደረቴ ተቆልሏል። ከላይ ያለውን የልጄን ሳህን አንስቼ፣ ማን እንደበላበት ሳላስብ፣ «የመስኮቱ ጠረጴዛ!» ብዬ ብሩን አቀበልኩ።

ካሸሯ ብሩን እንደያዘች ቀረች። «የመስኮቱ? ቋጠሮ?»

ቋጠሮ የሚሏቸው በየቀኑ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ብቻቸውን ምሳ የሚበሉ ጡረተኛ ናቸው። መልሳቸውን በመሀረብ ቋጥረው ደረት ኪሳቸው ይከታሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሲበሉ ለማንም ቲፕ ትተው አያውቁም። አስተናጋጆቹ እሳቸውን ላለመያዝ እጣ ይጣጣላሉ፤ አዲስ ሰው ሲቀጠር ደግሞ እንደ ምርቃት ያሸክሙታል። ለልጄም የደረሷት እንዲሁ ነው።

ወሬው አዳራሹን ለመዞር አንድ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ አልፈጀም።

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስገለፍጥለት ቤሳ የለም፣ እሷ በኩርፊያዋ ድፍን ብር?» አለ አንጋፋው አስተናጋጅ።

«ኩርፊያ አይደለማ የሰጠችው» አለች ጓደኛው።

«ታዲያ ምን ሰጠችው?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱን እሷና እሱ ያውቁታል።»

ሳቁ። ልጄ ትሪ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሰምታለች። ትሪውን አስቀምጣ ሌላ ትሪ አንስታ ሄደች። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ነገር ግን ከተናገርኩ ጣሳዋ ባዶ ይቀራል፣ ትባረራለች። ዝም ካልኩ ስሟ ይጠፋል። ሁለቱን ክፉ ሳመዛዝን የምሳ ሰዓት አለቀ፤ ዝም እንዳልኩ ዋልኩ።

በማግስቱ ባለቤቱ ወሬው ደርሶት ያለ ቀኑ መጣ። በቤቱ ደንብ ከእንግዳ ጋር ከሥራ ውጭ ግንኙነት የጀመረች አስተናጋጅ በዚያው ቀን ትሰናበታለች። ሽማግሌው ሾርባቸውን ሲጀምሩ ቀረብ ብሎ፣ «ትናንት ልጃችንን አስደስተዋታል መሰለኝ» አላቸው።

«ምን አድርጌ?»

«ቲፕ ትተውላት።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ? ምን በወጣኝ!» መሀረባቸውን አውጥተው ፈቱ፣ ውስጡን አዩ። «ብር ተገኘ ካላችሁ ወድቆብኝ ይሆናል። የእኔ ነው፤ መልሱልኝ።»

አንጋፋው አስተናጋጅ ሳቁን በእጁ ያዘ። ባለቤቱ ግን ወደ ልጄ ዞረ። «ወድቆ ያገኘሽውን ነው ቲፕ ያልሽው?»

«እኔ ብሩን አላየሁትም።»

«ታዲያ ጣሳሽ ውስጥ ምን ይሠራል?»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ስንቱን ስፈራ፣ ልጄ ሌባ ትባላለች ብዬ ግን አልፈራሁም ነበር። እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ። እንግዳ ባለበት አዳራሹን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ወለሉ ላይ ውሃ እያንጠባጠብኩ እንደሆነ አየሁ፤ ማን ይወለውለዋል ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ ብሩ የእኔ ነው» አልኩት ባለቤቱን።

«የአንቺ?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ያለውም ሳንቲም የእኔ ነው።»

«ለገዛ ልጅሽ ቲፕ ትሰጫለሽ?»

«ጣሳዋ ድምፅ እንዲኖረው ብዬ ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ሽማግሌው መሀረባቸውን መልሰው ቋጠሩ። «የእኔ ካልሆነ ይቅር» አሉ። «ልጅቷ ግን ጎበዝ ናት። ሾርባ በትኩሱ የደረሰኝ እሷ ከመጣች ወዲህ ነው።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ምነው አልተዉላት?» አለ ባለቤቱ።

«አንተ ደሞዝ ትከፍላት የለም እንዴ?»

ባለቤቱ ቁጥር አምስትን አውርዶ ርጥብ መዳፌ ላይ ገለበጠው። «ከዚህ ውስጥ የእሷ የትኛው ነው?»

ሳንቲም ከሳንቲም በምን ይለያል? «እኔ እንጃ» አልኩ።

«እኔም እንጃ። የማላውቀውን ሰው ደግሞ አልቀጥርም።»

«እኔ ልሂድ፣ እሷ ትቅር።»

«ዘጠኝ ዓመት የሚያጥብልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ? አስተናጋጅ እንደሆነ በር ላይ ተሰልፏል።» ክፉ ሆኖ አይደለም። እውነቱን ነው።

የሁለት ሰው ሾርባ ማስተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ልጄ እሱን ለጥጉ ጠረጴዛ አደረሰች፣ ዳቦውን አስጠጋችላቸው፣ ከዚያ ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ ለካሸሯ ሰጠች። ወደ እኔ መጣች።

«ሳንቲሙን ከየት እያመጣሽ ነው?»

«ከትራንስፖርቴ።»

«በእግርሽ ነው የምትመጪው?»

«መንገዱ ሜዳ ነው።»

«ለዚህ ነዋ በሌሊት ጥለሽኝ የምትወጪው።» ጫማዬን አየች። «ቲፕ ለሰጠ ሰው አመሰግናለሁ ይባላል። እኔ ግን አልልሽም።»

«አትበይኝ።»

በሩን ሳታጋጭ ዘግታው ወጣች። ገንዘቡን ኪሴ ከትቼ ወደ ገንዳው ተመለስኩ። እጄን ስነክር ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አልለየሁትም። ልጄ ትይዛቸው ከነበሩት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ያለ ሰው ማንኪያ ብሎ ተጣራ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተጣራ፤ የሚሄድለት አልነበረም። ካሸሯ በመስኮቱ እጇን ዘረጋች።

«አንድ ማንኪያ ስጪኝ፣ እኔ ልውሰድለት።»

አጥቤ ሰጠኋት።