የሰጠኋት ማርሚታ

በሰሜኑ የበረዶ አገር፣ እኛ አጋዘን አርቢዎች ዘንድ፣ ሰው የማይጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት አጋዘን አለህ?» ይህን የጠየቀ ወይ ከከተማ የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ሊሰርቅ ያሰበ ነው። እኔ ለገዛ እናቴ እንኳ ቁጥሬን ተናግሬ አላውቅም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን የምነግራችሁን ጉድ ግማሹን ያወሳሰበው ይኸው ልማድ ነው። ግማሹን ያወሳሰብኩት ግን እኔው ነኝ።

ራቭና እባላለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፤ መንጋዬን የምጠብቀው ከውሻዬ ከቻፔ ጋር ነው። የብርዱን ወራት ሜዳው ላይ እናሳልፍና ሚያዝያ ሲመጣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንወርዳለን፤ እንስቶቹ የሚወልዱት እዚያ ነው። መሀል መንገዱ ላይ ረጅም ሐይቅ ተጋድሟል። የሐይቁ ግግር በረዶ ሳይከፈት ያልተሻገረ ሰው እርጉዞቹን ይዞ በዚህ ማዶ ይቀራል፤ ግልገሎቹም ረግረግና ውሃ ላይ ተወልደው ያልቃሉ። አንድ ዓመት ደርሶብኛል። ያን ዓመት አላወራውም።

የአክስቴ ልጅ ሄይካ ጎረቤቴ ነው። የእሱን መንጋ ከእኔ የሚለየው አንድ ኮረብታ ነው። የበረዶ ሞተሮቻችንም የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። በፋሲካ ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ ቀድሞኛል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሞ በሰርግም በቀብርም ይህንኑ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

«እታለም፣ ሞተርሽ እኮ ሳል ይዟታል» ይለኛል። «ጡረታ አስወጫት። ከፈለግሽ አንቺም አብረሻት ውጪ።»

ሐሰት አይደለም፣ ትስል ነበር። ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ፣ ጎኗ ተሰንጥቆ በሳርዲን ቆርቆሮና በሽቦ ጠፍሬያት ነበርና «ፑፍ ፑፍ ጭርር፣ ፑፍ ፑፍ ጭርር» እያለች ነው የምትሄደው። ዘንድሮ ግን ምላሱን ላስይዘው ቆርጬ ተነሳሁና ለውድድር የሚሠራ የጭስ ማውጫ አዘዝኩ። ካርቶኑን ስከፍት እንደ መስታወት ያበራል፤ ሆዱ ሰፊ፣ ጅራቱ ቀጭን። ፊቴን አየሁበትና ራሴን አደነቅሁ።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ማርሚታን ሞተሩ ላይ የሚይዙት ሞላዎች ናቸው፤ ጫፉን ባጎበጥኩት ወፍራም ሽቦ እየሳብኩ አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። አንደኛው ተፈናጥሮ ከንፈሬን መታኝ። አዲሱ ሆዱ ስለሰፋ አልገባ አለ፤ የድሮዋ የምትታሰርበት ብረት ተደቅኖበታል። ትንሽ አሰብኩና ብረቱን በግራይንደር ቆረጥኩት። ካርቡራተሩን ፈትቼ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ በሰፊ ቀየርኩ፤ ሞተር በሰፊው ሲተነፍስ ነዳጁም ካልጨመረ ፒስተኑ ይቃጠላል። አዲሱ ማውጫ ሞላ ይዞ አልመጣም፤ የድሮውን ተጠቀም ይላል ወረቀቱ። ስለዚህ አራቱን ደህና ሞላዎች ለአዲሱ አደረግኳቸው።

ገና እጄን ሳልታጠብ ሄይካ እየጮኸ መጣ። የሚጮኸው እሱ ሳይሆን ሞተሩ ነው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ማርሚታውን ገንጥሎ ጥሏት ነበር።

«ትርፍ ይኖርሻል ብዬ ነው» አለ፣ ዓይኑ አዲሱ ላይ ተተክሎ። «እሱ ምንድን ነው? ሳክስፎን ነው?»

«መቅደሚያ ነው። አንተ ይችን ውሰዳት» አልኩና አሮጌዋን ወረወርኩለት። «ስታስል ትዝ እልሃለሁ።»

ሞላ ሲጠይቀኝ ከቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ቆርቆሮ ውስጥ አራት የላሉ፣ ዝገት የበላቸው ሞላዎች አንስቼ ሰጠሁት። ደህና ትርፍ መሳቢያ ውስጥ ነበረኝ። ለምን እንዳልሰጠሁት አትጠይቁኝ።

በማግስቱ፣ በፋሲካው ውድድር፣ ቀደምኩት፤ ያውም በሦስት ሞተር ርዝመት! ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም። ከውድድሩ ስመለስ እናቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከኮረብታው ስወርድ ድምፄን ሰምታ ቅልጥም ትጥዳለች፣ ስደርስ ድስቱ ይንተከተካል። ያን ቀን ግን በሩ ተቆልፎ ቆየኝ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እማ! ምነው ቆለፍሽ?»

«መምጣትሽን አልሰማሁማ።»

«አገር ምድሩ ሰምቶኛል እኮ!»

«የሆነ ሰው ሰምቻለሁ። አንቺን አልሰማሁም» አለችና መዝጊያውን ከፈተች። ድስቱ ቀዝቃዛ ነበር።

እርጅና ነው ብዬ አዘንኩላት። አሁን ሳስበው ሊታዘንላት የሚገባው ማን እንደነበር ግልጽ ነው።

በማግስቱ መኖ ጭኜ ወደ መንጋዬ ሄድኩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዝናብ በረዶው ላይ እየዘነበ ስለሚቆልፈው አጋዘኖቹ ቆፍረው የሚበሉት አያገኙም፣ የማበላቸው እኔ ነኝ። ገና ኮረብታው ላይ ብቅ ስል ከየአቅጣጫው እየሮጡ ይከቡኛል። «ያውቁኛል» እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ፤ ሰው ፊትም ብዬዋለሁ፣ ደጋግሜ። ያን ቀን ብቅ ስል ቀና አሉ፣ ጆሯቸውን አቆሙ፣ ከዚያ እንደ አንድ ሰው ዞረው ፈረጠጡ።

ግራ ገባኝ። አውሬ ያስደነበራቸው መስሎኝ ዱካ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ለእናቴ ስደውልላት «ሳሙና ቀይረሽ ይሆናል» አለችኝ። ቀይሬ ነበር! ደስ ብሎኝ የባሌን አሮጌ የቆዳ ካፖርት፣ ዘጠኝ ዓመት ያልታጠበውን፣ ለብሼ ሄድኩ። ፈረጠጡ። መኖው ሸትቶ ይሆናል ብዬ ቀመስኩት፤ እኔም ብሆን እበላው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተሬ ላይ እንዳለሁ የልጅነት ዜማዬን እያዜምኩ ተጠጋሁ። እኔ ራሴ እንኳ ዜማዬን አልሰማሁትም።

በአራተኛው ቀን ይባስ ብሎ ሜዳው ሳስቶ አገኘሁት። ስንት እንደጎደለ አልነግራችሁም፣ ብዙ ነው። ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ እናቴም ጉልበቷን እያሸች «ሐይቁ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው» ብላኛለች። ዱካውን ተከተልኩ። የኮቴው ዱካ የአንድ ሞተር ዱካ ላይ እየረገጠ፣ ኮረብታውን ተሻግሮ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሄይካ ይሄዳል።

ቆሜ አየሁት። ለመቀመጥም ለመሄድም አልሆን አለኝ። አብረን ያደግን፣ የባሌን ሬሳ ሳጥን የተሸከመ ሰው! ግን ሞተር እየመራ፣ አጋዘኖቼ እየተከተሉ፤ ይህ ሌላ ምን ይባላል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩና የነዳጁን እጀታ ጨመቅኩ።

ስደርስ አጋዘኖቼ ድንኳኑ አጠገብ አንድ ሸራ የለበሰ ነገር ከበው ቆመዋል። እኔን ሲሰሙ ጥቂት ሸሹና ሞተሬን ሳጠፋ ተመልሰው ከበቡት። ሄይካ በእግር መንሸራተቻ ከጫካው ወጣ፤ ጺሙ በረዶ ይዟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አጋዘኖቼ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልኩት።

«እነሱን ለምን አትጠይቂያቸውም?» ብሎ ጮኸብኝ። «ወደ ከተማ ስሄድ ይከተሉኛል፣ ስመለስ ይከተሉኛል! መለስኳቸው፣ ቀድመውኝ መጡ! ሞተሬን በሸራ ደብቄ ከትናንት ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው። ለፖሊስ ልደውል አሰብኩ፤ ምን እላለሁ? አጋዘኖች ሰረቁኝ ልበል?»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልደወልክም?»

ዓይኑን ሰበረ። «ምን ብዬ? መንጋሽ ደጄ ነው ብል፣ ስንት ናቸው ማለትሽ አይቀርም። ወይ ቆጥረሃቸዋል ትይኛለሽ። እናቴ ትሙት አልቆጠርኳቸውም፤ ባጠገባቸው ሳልፍ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ነው። አንዴ ከዛፍ ጋር ተጋጭቻለሁ።» ግንባሩን አሳየኝ፤ አብጧል።

ልስቅም ላለቅስም ፈለግኩ፤ ሁለቱም ተደባልቀው ማስነጠስ ሆኑ። «እስቲ ሞተርህን አስነሳት» አልኩት፣ ለምን እንዳልኩት ሳላውቅ።

ሸራውን ገፈፈና አስነሳት። ፑፍ ፑፍ ጭርር። ፑፍ ፑፍ ጭርር።

አጋዘኖቼ ቀና ብለው አንገታቸውን እየዘረጉ ተጠጉ። እኔም ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ያ የእኔ ድምፅ ነበር። ለሁለት ዓመት ከኮረብታው ስወርድ የሰሙት፣ እናቴ ድስት የምትጥድበት። ያውቁኛል ያልኩት፣ በሰው ፊት የኮራሁበት፣ ለካ የሚያውቁት በሳርዲን ቆርቆሮ የተጠፈረ ብረት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለችዋን ነው።

«እታለም፣» አለ ሄይካ በቀስታ፣ «ማርሚታሽን መልሰሽ ግጠሚያት።»

«አይሆንም። ማሰሪያውን ቆርጬዋለሁ። ጂግለሩም ተቀይሯል።»

«ለምን ቆረጥሽው?»

«አንተን ልቀድም!»

ሞተር ተቀያየርን። እኔ በእሱ ሞተር መኖ እየጎተትኩ ከፊት፣ እሱ በእኔዋ ከኋላ፤ የሚያስፈራቸው ድምፅ ከኋላ ሲሆን ይነዳቸዋል። በዚያው ቀን ሜዳው ላይ የተበተኑትን ሰበሰብን፤ የማርሚታዋን ሳል ሲሰሙ ከየጎድጓዳው እየሮጡ መጡ። በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ላይ ወጣን። ግግሩ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ሲረገጥ ይቃትታል። ወደ ኋላ አላየሁም። የኮቴአቸውን ቅጭልጭልታ ብቻ እየሰማሁ በእርጋታ ነዳሁ።

መሀል ሐይቁ ላይ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ቀጥሎም ሌላ። ሁለቱ ሞላዎች ተበጥሰው ማርሚታዋ ተንጠለጠለች፤ ሞተሩም አፉን ከፍቶ እንደ ጥይት ተንጣጣ። አጠፋሁት። ቢዘገይም አጠፋሁት። መሪዋ እንስት ቆመች፤ ከኋላዋ ያሉት ተደራረቡ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ሲደነግጡ መዞር ጀመሩ። ያ ሁሉ ነፍስ አንድ ቦታ ላይ ሲዞር ግግሩ ከሥራቸው ሲረግብ በዓይኔ አየሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ።

ሄይካም ሞተሩን አጥፍቶ እየሮጠ መጣ። ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ሞላ አነሳና አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይህን ነው የሰጠሽኝ?»

ሽቦዬን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ራሴ ሞተር ሮጥኩ። የሚያበራው ማውጫ ገና እሳት ነበር፤ መዳፌ ሲቃጠል ተሰማኝ፤ አራቱንም ሞላዎች ነቀልኳቸው። ማውጫው ወልቆ ውሃው ላይ ወደቀና ተንፈቀፈቀ። ሄይካ አሮጌዋን በጓንቱ ደግፎ ያዘልኝ፣ እኔ አንድ በአንድ ቆለፍኩ።

«ሞተርሽስ?» አለኝ።

«ይቅር። ያለ ማውጫ ብትጮህ ይበተናሉ።»

አስነሳኋት። ፑፍ ፑፍ ጭርር። መሪዋ እንስት መዞሯን ተወች። ጆሯን አዞረች። ከዚያ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ወደ እኔ ተራመደች፤ መንጋው እንደ ክር ተከተላት። ሄይካ ከቻፔ ጋር በእግሩ ከኋላ ቀረ፤ ያን ሁሉ መንገድ ውሃ ውስጥ እየተራመደ።

ማዶ ስንደርስ አንድም አልጎደለም። እርጉዞቹ ሆዳቸውን እያወዛወዙ ወደ ደረቁ መሬት ወጡና ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ነጭ ሽበት መጋጥ ጀመሩ። ከሞተሩ ወርጄ መሪዋን ልዳብሳት ሄድኩ፤ በአጠገቤ አልፋ ሄዳ ማርሚታዋን አሸተተች። ቀይዋ ሞተሬ መሀል ሐይቁ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ትታያለች። ከሁለት ቀን በኋላ አልነበረችም።

ሄይካን ፈለግኩት። ለመንጋው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እግሩ ረጥቦ እየተንቀጠቀጠ፣ ሐይቁን ያያል። ላለመቁጠር ነው። እዚያ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ሄይካ» አልኩት። «በልቤ ሌባ ብዬህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «አመጣጥሽ ያስታውቅ ነበር።»

ያኔ ቁጥሩን ነገርኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ የማያውቀውን፣ ከነወንዱ፣ ከነእንስቱ፣ ነገርኩት። ሰው በአደባባይ ልብሱን ሲያወልቅ ያየ ይመስል ደነገጠ፤ ፊቱ ቀላ። ከዚያ የተበጠሰውን ሞላ ከኪሱ አወጣና በተቃጠለው መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ይህ ሁሉ እያለሽ፣» አለ፣ «በሞላ ነው የሰሰትሽብኝ?»