ቀረጥ ያልተከፈለበት ወፍጮ

የኮሶዬው አያ ቢያዝን ከባሕር ማዶ የሞተር ወፍጮ ሊያስመጣ ቆረጠና አጓጓዥ ፍለጋ ጎንደር ወረደ። የመጀመሪያው አጓጓዥ፣ «ወፍጮው በመርከብ እስከ ምጽዋ፣ ከዚያ በማኪና ይመጣል፤ የጉምሩኩን ቀረጥ ግን አንተ ትከፍላለህ» አለው። አያ ቢያዝን ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ፊቱን አጨማደደ። «ምነው፣ በገንዘቤ የገዛሁትን መልሼ ልግዛው?»

ሁለተኛው፣ አለበል የሚሉት ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው፣ መላ ነበረው። «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቀረጥ የለበትም። ወረቀቱ ላይ የአገራችሁ ደብር ንብረት ነው ብለን እንጽፋለን፤ በነጻ ያልፋል።»

«ይሄ ነው ሸጋ!» አለ አያ ቢያዝን፤ እዚያው ፈረመ።

ከሰባት ወር በኋላ ወፍጮው ያለ አንድ ሳንቲም ቀረጥ መጣ። የጉምሩኩ ሹም ግን መንፈሳዊ ሰው ነበርና ወረቀቱን ባነበበ ዕለት ለደብሩ አለቃ የምሥራች ልኮ ኖሯል። ማኪናዋ ኮሶዬ ስትደርስ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ከበሮ እየመቱ ጠበቋት፤ ሴቱ እልልታውን አቀለጠው። አያ ቢያዝን «ኧረ የኔ ነው!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሹሙ ራሱ በረከት ሊቀበል ከጋቢናው ሲወርድ አየና መልሶ ገጠመው። ወፍጮው በወረብ ታጅቦ ደብሩ ግቢ ገባ፤ ለታቦት የገባ ደግሞ አይወጣም።

በሳምንቱ ሚስቱ ባንቺአየሁ ገብስ አሸክማ ላከችው። ተራው ሲደርስ አለቃውን ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ለኔ እንኳ በነጻ አይፈጭልኝም?» አላቸው።

«አይ አያ ቢያዝን» አሉ አለቃው፣ ለማስፈጫው እጃቸውን ዘርግተው፤ «በነጻ የሚያልፈው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ብቻ እንደሆነ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»