የአስፋው ላንድሮቨር ስትራገጥ

አስፋው ላንድሮቨሩን ከልጁ ከሃና ለይቶ አያያትም ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከፈረሰ እርሻ ንብረት በሐራጅ ገዝቷት፣ ከግራና ከተማ እስከ መርሳ ብርቱካንና ጤፍ ሲያመላልስባት ኖሯል። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖዋ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ማታ ማታ ከቤቱ በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ያቆማታል፤ ጠዋት ፍሬኑን ለቆ ያንደረድርና ማርሽ ሲያስገባላት ትነሣለች። ሜዳ ላይ ከቆመች ግን ወይ መግፋት ነው ወይ ማኖቬላ፤ ያ ከፊቷ ተሰክቶ በእጅ የሚዞረው ቆልማማ ብረት።

የማኖቬላን ነገር መርሳ ውስጥ ከመካኒኩ ከአብዱልሐሊም አብልጦ የሚያውቅ የለም። የቀኝ እጁ አንጓ ተጣሞ የቀረው በእሱ ነው።

የሃና ሠርግ ሲቃረብ አስፋው መኪናዋን ወሰደለት። አብዱልሐሊም ኮፈኑን ከፍቶ፣ ወደ ቫኪዩሟ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቀለና በአፉ ሳባት። አየሩ ያለ ምንም ከልካይ መጣለት።

«ተቀዷል» አለ። «ይቺ ቫኪዩም እንደ አነዳድህ እሳቱን ራሷ ታስቀድማለች፣ ራሷ ትመልሳለች። ውስጧ ያለው ላስቲክ ነው የተቀደደው። ከደሴ አዲስ እስካስመጣልህ ትንሽ ትደነዝዝብሃለች፤ ቻላት።»

ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ጆሮውን ደግኖ፣ ለየካንዴላው እሳት የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር ቀስ እያለ አዟዙሮ ልኩ ላይ ሲደርስ አሰረው። በካቻቢቴ ጫፍም ምልክት ጫረበት።

«ከዚች ጭረት እንዳታነቃንቀው። እሳቱ ያለ ሰዓቱ ከቀደመ፣ በማኖቬላ ስታዞራት ብረቱን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ትራገጣለች።» እጅጌውን ሰብስቦ ጠማማ አንጓውን አሳየው። «ወላሂ፣ እንዲህ ነው የምታደርግህ።»

«እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ አስፋው።

ልጅስ ቢሆን በተሻለው። በሣልስቱ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እያንባረቀ ቀደመው፤ ሾፌሩም በመስኮት ብቅ ብሎ «አባት፣ ወርደው ይግፏት!» አለው። አስፋው ቤቱ እስኪደርስ ያቺን ቃል ሲደጋግማት ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት መቼም ለሌላ ሰው ሲተርተው ነው የኖረው። ቁልፍ አምጥቶ ዲስትሪቢዩተሩን ፈታና እሳቱ እንዲቀድም ጣት በምታህል ከጭረቱ አለፍ አድርጎ አሰረው።

በማግስቱ ላንድሮቨሯ ጉልበት አገኘች። ነዳጅ ሲሰጣት ግን ከሆዷ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ያለ ነገር ይንኳኳል። አስፋው ሰማው፤ ደስ አላለውም። «ከሠርጉ በፊት እመልሰዋለሁ» አለ ለራሱ። አልመለሰውም። ይልቁንም ያገኘውን ሁሉ ቁጭ እያደረገ፣ «ከአብዱልሐሊም በቀር የማንም እጅ አልነካት፤ እዩ እንዴት እንደምትከንፍ!» ይል ጀመር።

ሙሽራው ይታገሱ የመርሳ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኝ እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። የሃናን ቬሎ የሰፋው ራሱ ነበር፤ ሠርገኛውም ሲያየው አፉን ያዘ።

የሠርጉ ቀን ላንድሮቨሯ አበባ ተጭኖባት ከዳሱ ፊት ሜዳው ላይ ቆመች። አስፋው ተገፍታ ትነሣለች ብሎ ነበር። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ግን የሃና ሚዜዎች ለጨዋታ ብለው ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደረደሩ።

«መግፋት የለም! ሙሽራው በማኖቬላ ያስነሣት! ጉልበቱን እንየው!»

እልልታው ቀለጠ። ይታገሱ ኮቱን አውልቆ ለሚዜው ሰጠና ማኖቬላውን አነሣ።

አስፋው ወደ መኪናዋ ተጠጋ። ኮፈኑን ከፍቶ ያቺን ጣት የምታህል ነገር መመለስ የዓይን ጥቅሻ ሥራ ነበር። ነገር ግን አጠገቡ የሙሽራው አጎቶች ቆመዋል፤ ከዳሱ ማዶ ከእስላሙ ማዕድ አብዱልሐሊም ተቀምጧል። ኮፈኑን መክፈት «ውሸቴን ነበር» ማለት ሆነበት።

«ተው!» አለና ከሙሽራው እጅ ብረቱን ነጠቀው። «መጀመሪያ ጌታዋ ነው የሚያስነሣት!»

ሰክቶ አዞረ። ላንድሮቨሯ አንዴ አጓራችና ብረቱን መለሰችው። ክንዱ ሲሰበር እልልታ የሚሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሰሙት።

አብዱልሐሊም ሮጦ መጥቶ ደገፈው። ወደ ጆሮው ተጠግቶ «ነክተሃታል?» አለው።

«አልነካኋትም።»

«አስፋው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነክተሃታል?»

«አልነካኋትም አልኩህ እኮ!»

አብዱልሐሊም አመነው። የሠላሳ ዓመት ጎረቤቱን ምን ብሎ ይጠርጥር? «እንግዲያስ አያያዝህ ነው» አለና ወደ ሙሽራው ዞሮ፣ ማኖቬላውን እንዴት እንደሚይዝ ያሳየው ጀመር፤ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር፣ ከታች ወደ ላይ ሳብ። «እንዲህ ከያዝካት አትፍራት» አለው።

አስፋው መሬት ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ድንጋዩ ተነሣ፣ መኪናዋ ተገፋች፣ ወንድሙ ደሳለኝ እየነዳ ሙሽሮቹን ወደ ሲሪንቃ፣ ወደ ይታገሱ አባት ቤት ይዟቸው ሄደ። የሃና እጅ በመስኮት ወጥቶ ሲወዛወዝ ይታየው ነበር።

ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ሲጠፍርለት፣ ሲሪንቃ ያለው ቤት ሜዳ ላይ መሆኑ ትዝ አለውና ላብ አጠመቀው።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ ወርቅነሽ። «ሰው እንላክ ወይ? የምትለው አለ?»

«የለም፤ ክንዴ ነው።» ሠርገኛ ሞልቷል፣ ይገፏታል ብሎ ራሱን አጽናና።

ለመልሱ ቀን ዳሱ እንደገና ሞላ። ሁሉም ጆሮውን ወደ አስፋልቱ ጥሏል። የላንድሮቨሯ ድምፅ ግን አልመጣም። የመጣው ጋሪ ነው።

ሃና ቀድማ ወረደች። ይታገሱ ቀጥሎ ወረደ፤ ቀኝ እጁ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ በነጠላዋ ተጠቅልሏል። ከነጠላው ጫፍ ብቅ ያሉት ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል።

«አብዱልሐሊም እንዳሳየው ነበር የያዘው» አለች ሃና። «ልክ እንዳሳየው። አባባ፣ ምን ሆና ነው?»

አብዱልሐሊም ከተቀመጠበት ተነሣና አስፋውን አየው።

«እኔ ነኝ» አለ አስፋው። «እኔ ነኝ የነካኋት።»

ይታገሱ የታመመ እጁን በደህናው ደግፎ ወደ አስፋው ቀረበ።

«መቼ ነው የነኳት?» አለ በለሆሳስ።

«ከሠርጉ በፊት» አለ አስፋው።