ከፊልሙ የቀዳሁት ሳሪ

እህቴ ኩብራ ለምና አታውቅም። እናታችን ስትሞት ገና ጡት መጣሏ ነበር፤ ደብረ ብርሃን፣ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ሥር ጨርቅ ላይ ተኝታ ነው ያደገችው። ጫማ ሲጠባት ጣቷን አጥፋ ትሄዳለች እንጂ "ሰሊሃ፣ ጠበበኝ" አትለኝም። ወላሂ እንዲህ ያለ ልጅ ያናድዳል! ምን እንደጎደላት ሁልጊዜ እኔ ልገምት? ስለዚህ የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ሽማግሌ ልኮ፣ አጎታችን ፈረጅ ፈቅዶ፣ የሰርጉ ቀን ከተቆረጠ በኋላ "ምን ላልብስሽ?" ብዬ ስጠይቃት "እንደፈለግሽ" እንደምትለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

"ያንን የሕንዷን" አለችኝ።

መቀሱን አስቀምጬ አየኋት። በዕድሜዋ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ምንም ቢመጣ ያንን ልብስ ለብሳ እንደምትዳር እዚያው ለራሴ ቃል ገባሁ።

የሕንዷ ያለችው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ባየነው ፊልም ላይ ያለችውን ልጅ ልብስ ነው። ደርግ ሰዓት እላፊ ያወጀበት ዘመን ነበር። መጀመሪያ መፈክር፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ፊልም። የሕንድ ፊልም ደግሞ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ፊልም አሳዪው ገብረአብ፣ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ ብሎ፣ ከመሃል አንዱን የፊልም ጥቅል ይዘለዋል። ማንም ቅር አይለውም። ዘፈኑ አይነካ እንጂ ወሬው እንደሆነ ቢዘለልም ባይዘለልም ቋንቋውን አንሰማ!

መጀመሪያ ልጅቷ ቀይና ቢጫ ለብሳ ከአንድ መልከ መልካም ልጅ ጋር አበባ መሃል እየሮጠች ትዘፍናለች። ከዚያ ገብረአብ ጥቅሉን ይቀይራል። መብራቱ ተመልሶ ሲጠፋ ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን ለቅቃ፣ ሽማግሌና ባልቴት ከበዋት እናያታለን። ሴቶቹ ግንባሯ ላይ ያለውን ቀይ ነጥብ ይጠርጉላታል፤ እጇን ይዘው የብርጭቆ አምባሮቿን ከድንጋይ ጋር እያጋጩ ይሰብራሉ። እሷ ታለቅሳለች። አዳራሹ በሙሉ አብሯት አለቀሰ።

"ተዳረች!" አለች ከኋላዬ የነበረች ሴትዮ።

ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ነጭ ለብሳለች፣ ዘመድ ተሰብስቧል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። አምባር መስበሩን የአገራቸው ወግ ነው አልን። ልጁ ከዚያ በኋላ ብቅ አለማለቱን ግን ኩብራም አስተውላለች። "ሥራ ሄዶ ይሆናላ" አልኳት።

ልብሱን ለመቅዳት ደጋግሜ ገባሁ። ገብረአብን "እዚህ ጋ ስትደርስ ትንሽ አቁምልኝ" ብለው "ፊልሙ ይቃጠላል፣ ሰሊሃ፣ ልታሳስሪኝ ነው?" አለኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ትከሻውን ብቻ፣ አንድ ቀን ጫፉን ብቻ፣ አንድ ቀን እጅጌውን ብቻ አየሁ። ልጅቷ ስታለቅስ ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል፤ እኔ የልብሷን ቅምቅማት።

ጨርቁ ሌላ ጣጣ ነበር። የቀበሌ ሱቅ የሚሰጠው አቡጀዲ ቢያቆሙት በራሱ የሚቆም ነው፤ የፊልሙ ደግሞ በነፋስ ይሄዳል። አጎቴ ፈረጅ ከቆላ፣ በጨው ጆንያ መሃል ደብቆ፣ ስስ ነጭ ጨርቅ አመጣልኝ። መኪና ላይ ስሰፋው ጠርዙ ስለሚጨማደድ ዙሪያውን በእጄ በመርፌ ቀመቀምኩት። የአምባሩን ዘዴ ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ኩራት ከሆነ ይሁንብኝ። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ጋዝ የነከረ ክር አስሬ፣ ክሩን ለኩሼ፣ ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስከተው ቀጭ ብሎ በክሩ መስመር ይቆረጣል። ሁለት ቦታ ከቆረጡት ቀለበት ይወጣዋል። ጠርዙን ድንጋይ ላይ ሞርጄ ሞርጄ አለሰለስኩት። አረንጓዴው በፀሐይ ሲያዩት ልክ እንደ ፊልሙ ነበር።

የቀረኝ ሳሪው ወገብ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ ነበር። ለዚህ ሚስስ ጆሺ ነበረችልኝ፤ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር ሕንዳዊት ናት። ሸሚዞቿን የምሰፋላት እኔ ነኝ። ባሏም አስተማሪ ነበር፤ አሞት ለሕክምና አገሩ ከሄደ ቆይቷል። እሱ ከሄደ ወዲህ ያ ሁሉ ቀለም የነበረው ልብሷ ቀርቶ በየቀኑ ነጭ ሆነ። እኔም አፌ አያርፍም፤ "ምነው ሚስስ ጆሺ፣ በየቀኑ በዓል ሆነብዎሳ! ባለቤትዎ ሳይመጡ ማን ሊያይዎት ነው?" እላታለሁ። ፈገግ ብላ ሸሚዟን ተቀብላኝ ትሄዳለች።

እጥፋቱን ስጠይቃት ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ወለተሐና የኔን ሥራ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ትሰርቃለች፤ ከሰማች ከተማው በሙሉ ሳሪ በሳሪ ነው። ሚስስ ጆሺ ወገቤ ላይ ሌላ ጨርቅ እያጠፈች አሳየችኝ። እጇ ልክ የእናት እጅ ነበር። ደስ ብሎኝ "እህቴን አልዩ አምባ ልድራት ነው፤ መምጣት አለብዎ" አልኳት። እንዴት ዓይኗ እንደበራ! እዚህ አገር ስትኖር ማንም ሰርግ ጠርቷት አያውቅም ነበር ለካ።

በሰርጉ ቀን እኛ ቀድመን አልዩ አምባ፣ አጎቴ ፈረጅ ቤት ወረድን፤ እሷ ከአንኮበር በበቅሎ ከአጎቴ ሰዎች ጋር መጣች። ነጭ በነጭ ሆና በቅሎ ላይ ስትታይ የመንገዱ ሰው በሙሉ ሙሽራ መስላው በእልልታ ተቀበላት። ሰዎቹ ሲነግሩኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። "እና ምን አለች?" ብላቸው "አንገቷን ደፋች" አሉኝ።

ጓዳ ውስጥ ኩብራን አለበስኳት፤ አምባሮቹንም እጇ ላይ አጠለቅሁላት። ምን ልበላችሁ! ሳሪው ከትከሻዋ ላይ ወርዶ መሬቱን ነክቶ ቆመ። ያቺ ጫማ ጠበበኝ የማትል ልጅ መስታወቱን ተቀብላኝ ራሷን አየችና "ሰሊሃ፣ ልክ እንደሷ ነኝ" አለች። አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ውጭ የዓወል ሰዎች እየጨፈሩ ሲቃረቡ ይሰማል። "በሉ እንደ ፊልሙ አምባሩን እንስበር" አልኩ። አክስታችን አፊፋ "ይሄማ እብደት ነው" እያለች የኩብራን እጅ ወደ ወፍጮው ድንጋይ ወሰደችው።

"አይሆንም!"

ሚስስ ጆሺ በር ላይ ነበረች። ሴቶቹን ገፍትራ ገብታ የኩብራን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ወደኔ ዞረች።

"ማን ሞተ?" አለችኝ። "ባሏ ሞተ?"

"ምን ነካዎ! በሰርጓ ቀን እንዲህ ይባላል?" ብዬ ጮህኩባት።

"ይሄ የሰርግ አይደለም፣ ሰሊሃ። ባል ሲሞት ነው አምባር የሚሰበረው። ባል ሲሞት ነው ነጭ የሚለበሰው።"

"ኧረ በአላህ! ፊልሙ ላይ እኮ…"

"ፊልሙን አውቀዋለሁ። ልጁ በመሃል ይሞታል። አላያችሁትም?"

አላየነውም። ገብረአብ በየምሽቱ የሚዘለው ጥቅል ውስጥ ነበር የሞተው። ያን ሁሉ ጊዜ የሐዘን ልብስ ቅምቅማት ሳጠና ኖሬያለሁ! አፊፋ "አዑዙ ቢላህ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። እኔ ስለ ፊልም ላይዋ ልጅ፣ ስለ ልፋቴ፣ ደጅ ስለደረሰው ሙሽራ ብቻ ነበር የማስበው። ሌላ ምንም አልታየኝም።

የታያት ኩብራ ናት። ሚስስ ጆሺን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ቀስ ብላ "እርስዎስ?" አለቻት።

ሚስስ ጆሺ የነጭ ልብሷን ጫፍ ወደ ራሷ ሰበሰበች።

"እርስዎስ ለምን ነጭ ለበሱ?"

"ቴሌግራም መጣ" አለች ሚስስ ጆሺ። "ሁለት ዓመት ሆነው። የመውጫ ፈቃዴ እስኪሰጠኝ አስከሬኑን እዚያ እንደ ወጋችን አቃጥለውታል። ነጭ ለብሼ ክፍል ገባሁ።"

በየቀኑ በዓል ሆነብዎ ማለቴ ትዝ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ምነው ሳይነግሩን?" አልኩ እንደምንም።

"ሰዎች ልብሴን አይተው ለለቅሶ ይመጣሉ ብዬ ነበር። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ሰው እንደሚመጣ አይቻለሁ። በሬን ከፍቼ ወንበር ደርድሬ ጠበቅሁ።" ኩብራን ለቀቀቻት። "በኋላ ዘጋሁት።"

ኩብራ አምባሮቹን አንድ በአንድ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠች። "ሳሪውን ፍቺልኝ" አለችኝ።

"ኩብራ፣ እዚህ እኮ ነጭ ሐዘን አይደለም። ማንም አያውቅም። አንቺ የፈለግሽው ይሄንን ብቻ…"

"እሳቸው እያዩኝ?" አለች። ከዚያ በላይ አልተከራከርኳትም። የአክስቴን የአፊፋን ቀይ ቀሚስ ከላይዋ አስወልቄ አለበስኳት፤ ወገቡ ስለሰፋት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። በዕድሜዋ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ በሰው ልብስ ዳርኳት። እሷ ግን ስትወጣ መጀመሪያ የሳመችው የሚስስ ጆሺን ጉልበት ነበር።

ሰርጉ አልቆ ደብረ ብርሃን ስመለስ ቀጥ ብዬ ወለተሐና ሱቅ ገባሁ። እኔን በሯ ላይ ስታይ ልጣላት የመጣሁ መስሏት ተነሣች። ነገሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔም እኮ 'ነጭ ያምርብዎታል' ብያታለሁ! እግዚኦ!" አለች። ተከፋፍለን የሠፈሩን ሴት ሁሉ ጠራን፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም። ሁሉም ጥቁር ነጠላ አደግድገው መጡ። እኔ ያንን ሳሪ ለብሼ ወጣሁ።

"አንቺ ሴት፣ ለቅሶ ነው የምንሄደው ወይስ ሰርግ?" አለችኝ ወለተሐና።

"ለቅሶ" አልኳት። "ምን አገባሽ? አርፈሽ ሂጂ።"

ሚስስ ጆሺ በሩን ከፈተች። የተማሪ ወላጅ መስለናት ነበር መሰለኝ፣ ፈገግ ልትል ጀምራ ነበር። ከዚያ ሳሪውን አየች። አዟዙራ አየችኝ።

"ዘግይተናል" አልኩ። "ለባለቤትዎ ነው የመጣነው።"

ከበሩ ዞር አለችልን። ገብተን መሬት ላይ ተቀመጥን። እሷ ሻይ ልታፈላ፣ ወንበር ልታመጣ ስትል "ተይ፣ ሐዘንተኛ አያስተናግድም" ብለው ሴቶቹ ወንበሯ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። የማያውቁትን ሰው እንዴት ያለቅሱለታል?

"እናቴ፣ ስማቸው ማን ነበር?" አለች ወለተሐና።

"ራጉናት" አለች ሚስስ ጆሺ።

ወለተሐና ሙሾ ታውቃለች፤ ያንን አልነፍጋትም። ደረቷን ይዛ ድምጿን ከፍ አደረገች። "ራጉናት ወንድሜ! አስተማሪው ራጉናት! ልጆቻችንን አስተምረህ ሳንሸኝህ ቀረን!" ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዷ ራጉናት፣ አንዷ ረጉናት፣ አንዷ ራጉ እያለች ሁሉም ጠሩት።

ሚስስ ጆሺ ከወንበሯ ወርዳ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሳሪዬን ጫፍ ያዘችና ፊቷን ሸፈነችበት። መጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም። በኋላ በራሷ ቋንቋ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ትከሻዋን አቅፌ እኔም በኔው ቋንቋ አለቀስኩ። ቆይታ ቀና አለችና ቤቱን ሞልተው የተቀመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"መጣችሁ" አለች።