«በሩ ላይ ነኝ»

መምህርት የዝናሽ ፊዚክስ ስታስተምር አንጀቷን የሚያሳርራት አንድ ነገር ቢኖር ፍጥነትን ጽፎ አቅጣጫን የሚረሳ ተማሪ ነው። «በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር! ወዴት? ወደ ባምባሲ ነው ወደ ኩርሙክ?» ብላ ትጮህና በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዘዋለች። የአሶሳ ልጆች እንዲገባቸው ብላ ያዘጋጀችው የባጃጅ ምሳሌም አላት። ከአደባባዩ ተነስቶ፣ ከተማውን ዞሮ፣ እዚያው አደባባይ የተመለሰ ባጃጅ ብዙ መንገድ ሄዷል፤ የቦታ ለውጡ ግን ዜሮ ነው። «ነዳጁስ ቲቸር?» ይሏታል። ነዳጁማ አልቋል።

ያን ቀን ጠዋት አባቷ ጋሽ ታፈረ ለወገባቸው ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ነው። ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ነው፤ እሱን ለማግኘት ከክረምት እስከ ክረምት ጠብቀዋል። አንድ ጎረቤት በመኪናው አየር ማረፊያ አድርሷቸው በዚያው ወደ ሥራው ሄደ። የዝናሽ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ በሩን ስትስብ ፍሪጁ ላይ ያለውን ትልቅ ቢጫ ፖስታ አየች። ራጁ ነው! ሐኪሙ «ይዘው ይምጡ» ያሉት ራጅ! ወዲያው ደወለችላቸው፣ «አባዬ፣ ይዤልህ እመጣለሁ» አለችና ሮጠች።

ማዕዘኑ ላይ ሁለት ባጃጆች ቆመዋል። አንደኛው ፊቱን ወደ አየር ማረፊያው አዙሮ፣ ለመሙላት አንድ ሰው ብቻ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ግን ጋሽ ነገራ ናቸው፣ ቀንድ አውጣ የሚቀድማቸው። ሌላው የባቢከር ነው። ባቢከር የቀድሞ ተማሪዋ ሲሆን በፍጥነቱ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ፊቱ ወዴት እንደዞረ ሳታይ ዘላ ገባች።

ከውስጥ ዐዋጢፍ የምትባል ነጋዴ የማንጎ ጆንያ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ እሷን ገበያ እጥላለሁ፣ ከዚያ ያላ፣ ወደ አየር ማረፊያ!» አለ ባቢከር። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንተ አትጨነቅ፣ ወላሂ አሁን ነው የምንደርሰው።»

እውነቱን ለመናገር በረረ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ማንጎዎቹ እግሯ ሥር ተንከባለሉ። የበረረው ግን ከአየር ማረፊያው በተቃራኒ ነበር። ገበያው ውስጥ ጆንያው እስኪወርድ የዝናሽ ጥፍሯን በላች። ይኼኔ ስልኳ ጮኸ።

«የት ደረስሽ ልጄ? ሊያሳፍሩን ነው።»

ዙሪያዋን አየች። ማንጎ፣ ፍየል፣ የተሰቀለ ልባሽ ጨርቅ። «ደርሻለሁ አባዬ! በሩ ላይ ነኝ!»

ባጃጁ ውስጥ ማንም አልደነቀውም። በእኛ አገር «ደርሻለሁ» ማለት ጫማዬን አጥልቄያለሁ ማለት ነው። እሷም ብትሆን እንደዋሸች አልቆጠረችውም፤ አባቷን ማረጋጋቷ ነበር።

ባቢከር ሊነሳ ሲል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «አጎቴ ነው፣ እንዴት አልፈዋለሁ?» አለና አሳፈራቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ መስጊዱ ጋ አወረዳቸው፣ ከዚያ ታጥፎ፣ ታጥፎ፣ ብቅ ያለው የዝናሽ የተሳፈረችበት ማዕዘን ላይ! ጋሽ ነገራ ከሄዱ ቆይተዋል።

ደሟ ፈላ። «አንተ ልጅ! ይሄ ሁሉ ጋልበህ የት አደረስከኝ? ዜሮ! ዘጠነኛ ክፍልም ዜሮ ነበርክ፣ ዛሬም ዜሮ ነህ! ፍጥነት ያለ አቅጣጫ ምን ይሠራል?»

«ቲቸር፣ አሁን ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው» አለ ባቢከር አንገቱን ቀብሮ።

እውነትም ቀጥ ብሎ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን አውሮፕላኑ ጣሪያቸው ላይ አጓርቶ ወደ ምሥራቅ አለፈ። የዝናሽ ፖስታውን ደረቷ ላይ ጨብጣ አለቀሰች። አባቷ ያለ ራጅ ሄዱ፣ ነገ ሐኪሙ ፊት ባዶ እጃቸውን ሊቆሙ ነው ብላ አለቀሰች። ጥፋቱ ሁሉ የባቢከር ነበር።

አየር ማረፊያው ደጃፍ ሲደርሱ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ወገባቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ታፈረ ናቸው።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው ያልሄድከው?»

ጋሽ ታፈረ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «በሩ ላይ ነኝ አላልሽኝም? ልቀበልሽ ወጣሁ። ስሜን ሲጠሩ ልጄ በሩ ላይ ናት፣ እሷ አትዋሽም አልኳቸው። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣሽ ልመለስ ስል መሳፈሪያውን ዘጉት።»

«የሚቀጥለው በረራስ?»

«ነገ ከሰዓት ነው አሉኝ። አልደርስም ብትይኝ እኮ ዝም ብዬ እሄድ ነበር። ራጅ እዚያም ይነሳል።»

አባቷ ትከሻዋን ተደግፈው በብዙ ጭንቅ ተነሡና ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

«ወዴት ልውሰዳችሁ?» አለ ባቢከር ቀስ ብሎ።

ጋሽ ታፈረ «ወደ ተነሣንበት» አሉት።